የመመረቂያ ምርምር ለብቻ፣ በቡድን ወይስ ከመምህር ጋር? ለጂሲ ተማሪዎችና ለአማካሪዎቻቸው

ጂሲ፣ ማለትም የመመረቂያ ዓመት፣ የገባ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ርዕስ አገኘህ?» ዶርም ውስጥ እሱ ነው፣ ላውንጅም ውስጥ እሱ ነው። ቤተሰብ ሳይቀር ስልክ ደውሎ ይጠይቃል። እኔም በተራዬ ሁለት ወር ሙሉ ርዕስ ሳሳድድ ከረምኩ። በመጨረሻ ያገኘሁት ርዕስ አሪፍ ነበር። አማካሪዬን ግን በዓመቱ ውስጥ ያገኘኋቸው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። አንዴ ፕሮፖዛል ላይ ሲፈርሙልኝ፣ አንዴ ኮሪደር ላይ በአጋጣሚ፣ አንዴ ደግሞ ሥራዬን ፈታኞች ፊት ባቀረብኩበት በዲፌንስ ዕለት።

ከዓመታት በኋላ ነገሩ ተገለበጠና እኔ አማካሪ ሆንኩ። አሥራ ሁለት ተማሪ ተመደበልኝ። ከማስተምራቸው ኮርሶች፣ ከፈተና እርማትና ከስብሰባ የተረፈችውን ሰዓት ለአሥራ ሁለት ማካፈል ነበረብኝ። እንዴት እንደሚማከር ደግሞ ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። ያኔ ነው የድሮ አማካሪዬን የተረዳኋቸው። ይቅር ማለቱ ግን ትንሽ ቆይቷል።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ሁለት ዓይነት አንባቢ በሐሳቤ ይዣለሁ። አንደኛው የምርምሩን መንገድ መምረጥ ያለበት ተማሪ ነው። ሁለተኛው መምህሩ ወይም የትምህርት ክፍል ኃላፊው ነው፤ ተማሪው የትኛውን መንገድ ይያዝ፣ መምህራኑስ የትኛውን ሥልጠና ይውሰዱ የሚለውን የሚወስነው። ሁለቱ ጉዳዮች ብዙ ጊዜ በተለያየ ስብሰባ ነው የሚነሡት። እኔ ግን አንድ ጉዳይ ይመስሉኛል፦ ማን፣ በየትኛው ሰዓት፣ ተማሪው አጠገብ ይቀመጣል?

መጀመሪያ መለኪያው

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንመዝናቸው እንስማማ።

የመጀመሪያው መለኪያ የአማካሪ ሰዓት ነው። እኔ ይህን ከሌሎቹ ሁሉ በእጥፍ እመዝነዋለሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ መምህር 12 ተማሪ ቢኖረውና ለእያንዳንዱ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ቢሰጥ 6 ሰዓት ይሄዳል። 6 ሰዓት ያለው መምህር እምብዛም አይገኝም። እነዚያው 12 ተማሪዎች አራት አራት ሆነው ሦስት ቡድን ቢሆኑ ግን ለእያንዳንዱ ቡድን ሙሉ ሰዓት ሰጥቶ በ3 ሰዓት ይጨርሳል። ከአንድ ርዕስ ውበት ይልቅ የዓመቱን ውጤት የሚወስነው ይህ ነው።

ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያው ነው። አንድ ሴሚስተር ወረቀት ላይ 16 ሳምንት አካባቢ ነው። ከዚያ ላይ የምዝገባውን ቀሰስተኛ ሳምንት፣ በዓላቱን፣ ፕሮፖዛሉ ታርሞ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ፣ የድጋፍ ደብዳቤው ማኅተም አግኝቶ ወረዳ እስኪደርስ ያለውን ቀንሱ። የጤና ተማሪ ከሆናችሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናው መጥቷል። ከመቶ 50 ያላመጣ አይመረቅም። ሁለተኛው ሴሚስተር አጋማሽ ላይ ተማሪው መጠይቁን ጥሎ መቸከል ቢጀምር አልፈርድበትም።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው፦ ማባዣ፣ ትራንስፖርት፣ የስልክ ካርድ፣ ለላቦራቶሪ ሰው ኬሚካል። አራተኛው ጥያቄው የማን ነው የሚለው ነው። ጥያቄውን ራሱ ያላነሣ ተማሪ ሠራተኛ እንጂ ተመራማሪ አይሆንም። አምስተኛው ከተመረቁ በኋላ እጅ ላይ የሚቀረው ነገር ነው። ስድስተኛው የግሬዱ ፍትሐዊነት። እነዚህን ስድስት ይዘን እንግባ።

ለብቻ የሚሠራ ሲኒየር ኤሴይ

ሲኒየር ኤሴይ፣ ማለትም ተማሪው ለመመረቂያ ብቻውን የሚጽፈው ጥናት፣ የቆየውና የተከበረው መንገድ ነው። ክብሩም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የጻፏቸው የቆዩ ጽሑፎች ዛሬም በአንጋፋ ታሪክ ጸሐፊዎች ግርጌ ማስታወሻ ላይ ይገኛሉ። ምክንያቱም ተማሪው ወደ ተወለደበት አውራጃ ሄዶ፣ በሚያውቀው ቋንቋ፣ የሚያውቁትን ሽማግሌ አነጋግሮ ሌላ ሰው ሊያገኘው የማይችለውን ነገር ይዞ ስለተመለሰ ነው። ለታሪክ፣ ለሥነ ጽሑፍ፣ ለፎክሎር፣ ለሕግ ተማሪ ይህ መንገድ አሁንም የሚመረጥ ነው። ጥያቄው ሙሉ በሙሉ የራሱ ነው። ግሬዱም የራሱ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ይህን መንገድ ያለ ልዩነት ሁሉም ላይ ስንጭነው ነው። እዚህ ላይ ስለ 423 ላውራ።

በጤናና በማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር አካባቢ የዋለ ሰው ይህን ቁጥር ያውቀዋል። ስለምናጠናው ነገር ስርጭት ምንም ቀዳሚ መረጃ ከሌለን 50 በመቶ ነው ብለን እንነሣለን። በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 በመቶ የስህተት ወሰን ስናሰላ 384 ወይም 385 ሰው ይመጣል። መልስ ላይሰጡ ለሚችሉ 10 በመቶ ሲጨመርበት 422 ወይም 423 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ርዕሱ የደም ግፊትም ይሁን የሽንት ቤት አጠቃቀም፣ ናሙናው 423 ነው! ቀመሩ ስህተት የለበትም። ለአንድ ተማሪ ግን በቀን 10 መጠይቅ ቢያስሞላ 42 ቀን ማለት ነው። የሚበላበት፣ የሚታመምበት፣ ክፍል የሚገባበት ቀን ሳይቆጠር።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የመጨረሻዎቹ 150 መጠይቆች ዶርም ውስጥ ይሞላሉ። ወይም ምሰሶ ላይ «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ ወደለጠፈው ሰው ይደወላል። አሁን አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ አለ። ተማሪው ሌባ ሆኖ ስለተፈጠረ አይደለም። ለአንድ ሰው የማይቻል ሥራ ተሰጥቶት ማንም ሳያየው ስለቆየ ነው።

ለብቻ የምትሠሩ ከሆነ ጥያቄውን አጥብቡት። ከ10 እስከ 15 ሰው በጥልቀት ማነጋገር ለአንድ ሰው ይበቃል። ቀላል ነው ማለቴ ግን አይደለም። አንድ ሰዓት የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። ከዚያ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የተባለውን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ አለ፤ ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነውና። አንዲት እናት «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» ያለችውን ደህና አድርጎ የመለሰ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም።

የቡድን ምርምር

ያንኑ 423 ለአራት ብናካፍለው ለአንድ ሰው 106 ያህል ይደርሰዋል። 11 ቀን ገደማ ነው። ትራንስፖርቱና ማባዣውም ይከፈላል። የአማካሪውን ሰዓት ከላይ አይተነዋል። በነዚህ በሦስቱ፣ ማለትም በሰዓት፣ በጊዜና በገንዘብ፣ ቡድን ለብቻ ከመሥራት በጣም ይሻላል።

የሚወድቀው በፍትሕ ነው። ሁሉም ቡድን ውስጥ ስሙን ብቻ የሚያስጽፍ አንድ ሰው አለ። ሁሉም ቡድን ውስጥ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። ግሬዱ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ብዙ መምህራን ቡድንን የሚጠሉት በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ቡድኑን መተው አይመስለኝም። እያንዳንዱ ተማሪ የሥራ ማስታወሻ ይያዝ፤ መቼ፣ የት፣ ምን ሠራ። ከጽሑፉ አንድ ክፍል በስሙ ይጻፍ። ዲፌንስ ላይ ደግሞ ጥያቄ ለቡድኑ ሳይሆን በስም ይጠየቅ። «ገጽ 31 ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንተ አስረዳን» ማለት ብቻ ብዙ ነገር ይገልጣል።

ለሒሳብ አያያዝ፣ ለማኔጅመንት፣ ለኅብረተሰብ ጤና፣ መጠይቅ ለሚበዛበት ትምህርት ሁሉ የኔ ምርጫ ይህ ነው። አራት ሰው ይበቃል። ከአምስት ካለፈ ስብሰባ ይሆናል።

የመምህሩ ምርምር ውስጥ መግባት

በአሜሪካ ኤምአይቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመምህራን ምርምር ውስጥ የሚሠሩበትን ፕሮግራም በ1969 እ.ኤ.አ. ጀመረ። ዛሬ በብዙ አገር የተለመደ ነው። እኛም ዘንድ መምህሩ የምርምር በጀት ካገኘ ተማሪ ያስገባል። ለኬሚስትሪ፣ ለባዮሎጂ፣ ለምህንድስና ተማሪ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ኬሚካሉ ተገዝቷል፣ መሣሪያው አለ፣ ፈቃዱ ወጥቷል። ከሁሉ በላይ መምህሩ ራሱ ጉዳዩ ስለሚያገባው በየሳምንቱ ትገናኛላችሁ።

አደጋው ጥያቄው የእናንተ አለመሆኑ ነው። ከተማሪነት ወደ መጠይቅ አስሞይነት የሚወርዱ ብዙ ናቸው። ከመግባታችሁ በፊት ሦስት ነገር በትሕትና ጠይቁ። «የትኛው ክፍል ነው የኔ ጽሑፍ የሚሆነው? መረጃውን ለመመረቂያዬ መጠቀም እችላለሁ? ጽሑፉ ጆርናል ላይ ቢወጣ ስሜ ይገባል?» መምህሩ በነዚህ ጥያቄዎች ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ቦታው ጥቂት መሆኑም አለ። በጀት ያለው መምህር ሁለት ወይም ሦስት ተማሪ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ትምህርት ክፍሉ ይህን ለሁሉም አማራጭ አድርጎ ማቅረብ አይችልም።

ማኅበረሰብ ውስጥ ወርዶ መሥራት

በዚህ መንገድ እኛ ለማንም ጀማሪ አይደለንም። በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በአንድ ቡድን ገጠር ያወርዳቸው ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየላከ አገልግሎት ማሠራት ጀመረ። ብዙዎቹ ያን ዓመት ያሳለፉት በአስተማሪነት ነው። ጅማ ደግሞ በ1983 እ.ኤ.አ. የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲቆም ትምህርቱን ከማኅበረሰቡ ጋር አስተሳስሮ ነው የጀመረው። ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም ይህንን መለያው አድርጎ ቀጥሏል።

የጅማው አሠራር ሦስት እርከን አለው። ተማሪው በተለያዩ ዓመታት ማኅበረሰብ ውስጥ ይወርዳል። መጨረሻ ዓመት ላይ ከተለያየ ትምህርት ክፍል የመጡ ተማሪዎች አንድ ላይ በቡድን ይመደባሉ፤ ሐኪሙ፣ ፋርማሲስቱ፣ ላቦራቶሪው፣ ነርሱ። ከዚያ የራሱ የተማሪ ምርምር አለ። ልዩ ልዩ ሙያዎች በእውነት የሚገናኙበት አሠራር ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የሕክምናው ተማሪ ውኃው ለምን እንደተበከለ ከአካባቢ ጤናው ልጅ ይማራል። ክፍል ውስጥ ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም።

ገንዘቡ ግን ከባድ ነው። መኪና፣ ማደሪያ፣ የተማሪ ቀለብ፣ አብሮ የሚወርድ መምህር ያስፈልጋል። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ደግሞ ሁሉም ይቀራል። ሌላም ነገር አለ፤ ማኅበረሰቡ ይሰለቻል። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ መጥቶ ያንኑ ሽንት ቤት ይቆጥራል። ያምናው ውጤት የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ገበሬ ሲገጥማችሁ መልስ ይኑራችሁ።

ኢንተርንሺፕ ላይ የተመሠረተ ፕሮጀክት

የምህንድስና ተማሪዎች አንድ ሴሚስተር ከኢንዱስትሪ ጋር ያሳልፋሉ። እዚያ ያዩትን እውነተኛ ችግር የመመረቂያ ፕሮጀክት ማድረግ ይችላሉ። ለሥራ ፍለጋ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም፤ ቃለ መጠይቅ ላይ «ይህን ማሽን እንዲህ አድርገን አስተካከልነው» ማለት ከግሬድ በላይ ይናገራል።

ግን ዕድል ይፈልጋል። አንዱ ድርጅት ተማሪውን ከመሐንዲሱ ጋር ያውለዋል፣ ሌላው ፋይል ሲያስደረድረው ይከርማል። መረጃ ሲጠየቅ «ሚስጥር ነው» የሚልም አለ። ስለዚህ ምደባው ሳያልቅ፣ ምን መረጃ እንደሚፈቀድ በደብዳቤ ማስጻፍ ይበጃል። አማካሪው ቢያንስ አንዴ ቦታው ድረስ ካልሄደ ግሬዱ የሪፖርት ውበት ግሬድ ነው የሚሆነው።

የተሰበሰበ መረጃ ላይ መሥራት

ይህ ለምን እንደሚናቅ አይገባኝም። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳው በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ ሆኖ ተካሂዷል። ከዓለም ባንክ ጋር የሚሠራው የኢትዮጵያ የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ዳሰሳም አለ። አንድ ተማሪ በ423 መጠይቅ ለአንድ ቀበሌ የሚሠራውን፣ በሺዎች በሚቆጠሩ ቤተሰቦች መረጃ ለአገር ሊሠራው ይችላል። ትራንስፖርት የለ፣ ደብዳቤ የለ። መንገድ ለተዘጋበት አካባቢ ተማሪ ብቸኛው መንገድ ሊሆንም ይችላል።

የሚያስፈልገው ላፕቶፕና የስታቲስቲክስ ችሎታ ነው። ለሶፍትዌሩ አትጨነቁ፤ አር የሚባለው ነጻ ነው። በፍላሽ ከሚዞረው የተሰበረ ኤስፒኤስኤስ ጋር የሚመጣው ቫይረስ የስንቱን ቴሲስ እንደበላ ቤቱ ይቁጠረው። የራሳችሁን መረጃ የምትሰበስቡ ከሆነ ደግሞ ኮቦቱልቦክስ የሚባለው የመጠይቅ መሙያ መሣሪያ በስልክ ይሠራል፤ የማባዣ ወጪ ይቀንሳል።

እዚህ የሚከብደው አማካሪው ነው። የዳሰሳ መረጃን ክብደት አሰጣጥ (እያንዳንዱ መልስ ሰጪ ስንት ሰው እንደሚወክል የሚሰላበትን) የማያውቅ አማካሪ ተማሪውን ሊረዳው አይችልም።

ኮርስ ውስጥ የተካተተ ትንሽ ምርምር

በጣም ርካሹና በጣም የተረሳው ይህ ነው። ምርምርን ለጂሲ ከማቆየት ይልቅ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ በየኮርሱ በትንሽ በትንሹ ማስለመድ። የስታቲስቲክስ ተማሪዎች የካፌውን የምሳ ሰልፍ በሰዓት ይለኩ። የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ መኪና ይቁጠሩ። የቋንቋ ተማሪዎች የታክሲ ረዳቶችን አነጋገር ይመዝግቡ። ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ መምህሩ ክፍል ውስጥ ስለሆነ የማማከር ሰዓት ችግር የለም።

መመረቂያውን አይተካም። ግን ጂሲ ላይ «ሊትሬቸር ሪቪው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል። እኔ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ብሆን መጀመሪያ የማስተካክለው ይህን ነበር።

ባጭሩ

| መንገድ | የአማካሪ ሰዓት | ወጪ | ጥያቄው የማን ነው | የግሬድ ፍትሕ | ይበልጥ የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ለብቻ | በጣም ብዙ | መካከለኛ፣ ሁሉም ከኪስ | የተማሪው | ጥሩ | ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሕግ |
| በቡድን | ያነሰ | ይካፈላል | የቡድኑ | ጥንቃቄ ይሻል | ቢዝነስ፣ የኅብረተሰብ ጤና |
| ከመምህር ጋር | ይገኛል | መምህሩ ይሸፍናል | የመምህሩ | ጥሩ | ላቦራቶሪ ያለበት ሁሉ |
| ማኅበረሰብ ውስጥ | መምህሩ አብሮ ይወርዳል | ለተቋሙ ከባድ | የጋራ | መካከለኛ | ጤና፣ ግብርና |
| ኢንተርንሺፕ | የሁለት ሰው ክትትል | ዝቅተኛ | የድርጅቱና የተማሪው | ደካማ | ምህንድስና |
| የተሰበሰበ መረጃ | መካከለኛ፣ ችሎታ ይጠይቃል | በጣም ዝቅተኛ | የተማሪው | ጥሩ | ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ጤና |
| ኮርስ ውስጥ | ክፍል ውስጥ ያልቃል | ከሞላ ጎደል ነጻ | መምህሩ ያቀብላል | ጥሩ | ሁሉም፣ ከሁለተኛ ዓመት |

የግብርና ተማሪዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ዩኒቨርሲቲው በመስከረምና በጥቅምት ይከፈታል። የመኸር እህል የሚዘራው ክረምት ሲገባ ነው። ጥቅምት ላይ ፕሮፖዛል የጻፈ ሰው የመኸር ሙከራ አይደርስለትም። መስኖ ካለ ጥሩ፣ አለበለዚያ በሳጥንና በፌስታል አፈር የሚሠራ ሙከራ ወይም የከብትና የድኅረ ምርት ርዕስ ይሻላል።

አማካሪውስ ከማን ይማር?

አሁን ወደ መምህራኑ። እዚህም አማራጮች አሉ፤ እዚህም ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ በልምድ ይወሰናል።

የታወቀው ኤችዲፒ የምንለው ከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ለመምህራን አሠልጣኞች ተጀምሮ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች በሰፊው ገባ። ሥራ ላይ ሆነው አንድ ዓመት የሚወስዱት ነው። አሳታፊ ማስተማርን፣ ምዘናን፣ ራስን መመርመርን ይዟል። ፖርትፎሊዮ ይሠራል። ስለ ኤችዲፒ የሚያጉረመርም መምህር ብዙ ነው፤ «ፍሊፕ ቻርት ላይ መጻፍ ለመማር አንድ ዓመት?» ይላሉ። ቅሬታቸው ሙሉ በሙሉ መሠረት የለውም አልልም። ግን አንድ ክፍሉ ወርቅ ነው፤ መምህሩ በገዛ ክፍሉ ላይ የሚሠራው አክሽን ሪሰርች። ተማሪን ምርምር የሚያማክር ሰው ራሱ ትንሽ ጥያቄ አንሥቶ፣ መረጃ ሰብስቦ፣ ተሳስቶ ማየት አለበት። ከዚያ በኋላ ለተማሪው ይራራል። የሚጎድለው ማማከርን እንደ አንድ ሙያ አለማስተማሩ ነው።

የሁለትና የሦስት ቀን ወርክሾፕ ሌላው ነው። ለሶፍትዌር፣ ለዋቢ አያያዝ መሣሪያ እንደ ዞቴሮ ላሉት በቂ ነው። የማስተማር ልማድን ግን በሦስት ቀን የለወጠ ወርክሾፕ አላየሁም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አበሉ ሲቀር የተሳታፊው ቁጥርም ይቀንሳል።

ባልደረባ ክፍል ገብቶ ማየት ሦስተኛው ነው። ወጪው ዜሮ ነው። እኛ ዘንድ የሚያስቸግረው ቃሉ ነው፤ «ሰው ክፍሌ ሊገባ ነው» ሲባል ሁሉም የሚያስበው ግምገማ ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ ወደ ኃላፊው መሄድ የለበትም። ሁለቱ መምህራን ሻይ ላይ ተነጋግረው እዚያው ያብቃ። ከሌላ ትምህርት ክፍል ቢሆን ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። እኔ አንድ የቲያትር መምህር የተማሪ ሥራ ላይ አስተያየት ሲሰጥ አይቼ የተማርኩትን ያህል ከራሴ ሙያ ሰው አልተማርኩም። «ጥሩ ነው» አይልም፣ «መጥፎ ነው»ም አይልም። «እዚህ ጋ ምን ልታደርጊ ፈልገሽ ነበር?» ብቻ ብሎ ዝም ይላል። ተማሪዋ ራሷ ስህተቷን አገኘችው።

የመጨረሻው አብሮ ማማከር ነው። አዲሱ ሌክቸረር የመጀመሪያውን ዓመት ብቻውን 12 ተማሪ ከሚቀበል፣ ከአንድ ነባር መምህር ጋር አብሮ ይቀመጥ። ሁለቱ አንድ ላይ ቡድን ይዘው፣ አዲሱ እየሰማ፣ ነባሩ እየጠየቀ። ብዙ ሰዎች ይህን ሥልጠና አይሉትም፤ ሰርተፊኬት የለውማ። ለማማከር ችሎታ ግን ከአራቱ ይህንን አስቀድማለሁ። ኤችዲፒን ሁለተኛ፣ የክፍል ጉብኝቱን ሦስተኛ። ወርክሾፑን መሣሪያ ለመልመድ ብቻ።

እንግዲህ ማን ምን ይምረጥ?

ገንዘብ የሌለው ተማሪ የተሰበሰበ መረጃ ወይም ቡድን። ብድር ወስዶ ገጠር መውረድ አያስፈልግም። ዕድሜ ለነጻ መግቢያ፣ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ፕሮግራም በኩል ብዙ ጆርናል ያለ ክፍያ ያገኛሉ። የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ጠይቁ፤ ብዙ ተማሪ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ማስተርስ መቀጠል የሚፈልግ፣ በተለይ ውጭ አገር፣ ከመምህር ጋር ይሥራ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው በደንብ ሊያውቀው ይገባል። ሦስት ጊዜ ያየው አማካሪ ምን ብሎ ይጽፋል?

ቶሎ ሥራ የሚፈልግ ኢንተርንሺፑን ወደ ፕሮጀክት ይቀይር። የመውጫ ፈተናው የሚያስጨንቀው ደግሞ የትኛውንም ይምረጥ፣ መረጃውን ግን የመጀመሪያው ሴሚስተር ሳያልቅ ይሰብስብ። ሁለተኛውን ለመጻፍና ለመቸከል ይተወው።

በአንድ ነገር የሚነድ ተማሪ፣ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ስለ መንደሩ ታሪክ ወይም ስለ አንድ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሲያወራ የከረመ፣ ለብቻው ይሥራ። ማንም አያስቁመው። አማካሪው ግን ርዕሱን የሚወድ ሰው መሆን አለበት።

ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች። 60 ተማሪና 5 መምህር ካላችሁ ሁሉንም ለብቻ ማሠራት ወረቀት ማስቆለል ነው። አብዛኞቹን አራት አራት አድርጉ። በጀት ላላቸው መምህራን ጥቂት ተማሪ ስጡ። ለብቻ መሥራት የሚፈልግ የሁለት ገጽ ሐሳብ ጽፎ ያመልክት፤ አምስት ወይም ስድስት ሰው ይወጣል። አዲሶቹን መምህራን ከነባሮቹ ጋር አጣምሩ። የምደባ ዝርዝሩ ላይ ከአማካሪው ስም ጎን የሚገኝበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ፦ «ማክሰኞ ከ8 እስከ 11»። ተፈርሞበት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። ርዕስ የሚለጠፈው ከዚያ በኋላ ነው።